የአባባ ቮልስ በጥር 2008 ስንት ያወጣ ነበር?

ደሴ ላይ አሮጌ መኪና መሸጥ አይከብድም። ደላላው ሞልቷል። የሚከብደው፣ የተሸጠው መኪና ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስንት ያወጣ እንደነበር በወረቀት ማሳየት ነው። እኔ እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባሁት በእህቴ የአሜሪካ ግብር ምክንያት ነው። ወሎ ውስጥ ውጭ አገር ሰው የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነውና፣ እንዴት እንደሠራሁት ልጻፈው።

አባታችን ጥር 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄዱ። ከተውልን ንብረት አንዱ በፈረንጆቹ የ1966 ሞዴል ቮልስ ነው። እናታችን ቀድማ አልፋለች። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሲሰጠን ሁለት እጁ የእኔ፣ አንድ እጁ የእህቴ ሆነ። መኪናውን ኅዳር 2017 በ480 ሺህ ብር ሸጥነው። የእህቴ ድርሻ 160 ሺህ መጣ።

እህቴ የአሜሪካ ዜጋ ናት። አሜሪካ ደግሞ ዜጋዋን ገቢው ከየትም ይምጣ ከየት ትጠይቃለች። ደሴ የተሸጠ ቮልስም አይቀርም። ደግነቱ ግብሩ በሽያጩ ሙሉ ገንዘብ ላይ አይደለም፣ በትርፉ ላይ ነው። ለወራሽ ደግሞ የትርፉ መነሻ አባት መኪናውን የገዙበት ዋጋ አይደለም። ባረፉበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። አባባ ቮልሱን በደርግ ጊዜ በጥቂት ሺህ ብር ነበር የገዙት። ያ መነሻ ቢሆን ሽያጩ ሁሉ ትርፍ ሊባል ነው።

የገበያ ዋጋ ማለት ምን እንደሆነም ሕጋቸው ይናገራል። ሻጭም ገዢም ሳይገደዱ፣ ሁለቱም ስለ ዕቃው በቂ ነገር እያወቁ የሚስማሙበት ዋጋ ነው። ስለዚህ ችግር ይዞት የሸጠ ሰው ዋጋ አይሆንም። ለአማቹ የሸጠም አይሆንም።

እህቴ ደውላ «ወንድም ጋሼ፣ የጥር 2008ቱን ዋጋ ፈልግልኝ፣ ግን ማስረጃ ያለው ይሁን» አለችኝ። የእነሱ ማስገቢያ ቀን ሚያዝያ 7 ነው።

ሰው ስትጠይቅ ቁጥር አይቸግርም። አንዱ 40 ሺህ ይልሃል፣ አንዱ 150 ሺህ። ሁለቱም በእርግጠኝነት ነው። ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም። ከ2008 ወዲህ የመኪና ገበያው ተገልብጧል። ጥቅምት 2010 ብር 15 በመቶ ወረደ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ተወደደ። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ዛሬ ላይ ቆሞ የያኔውን ዋጋ የሚያስታውስ ሰው ይህን ሁሉ ቀላቅሎ ነው የሚያስታውሰው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለወጥኩት። «በ2008 ቮልስ ስንት ነበር?» ማለት ተውኩ። «በዚያ ሰሞን አንተ ራስህ የገዛኸው ወይ የሸጥከው ቮልስ አለ? ውሉስ?» ማለት ጀመርኩ። ወሬው ያኔ ቀነሰ፣ ወረቀቱ መጣ። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ በ2007 እና በ2008 የተጻፉ ውሎች አገኘሁ። ዋጋቸው ከ60 እስከ 85 ሺህ ብር ነበር።

ውል ግን ዝም ብሎ አይታመንም። ስም ሲዛወር የሚከፈለው ቴምብር ቀረጥ በዋጋው ላይ 2 በመቶ ስለሆነ፣ ውል ላይ የሚጻፈውና እጅ ላይ የሚቆጠረው ብር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ገንዘቡ በባንክ ማለፉን ጠየቅሁ። አንደኛው ገዢ የባንክ ስሊፑን አልጣለም ነበር። ስሊፑና ውሉ ገጠሙ፣ 72 ሺህ ብር። እኔ ከሁሉም በላይ የተማመንኩት በዚያ ነው።

ኢንሹራንስ ይረዳል ብዬ ነበር፣ የእኛ ግን አልረዳም። አባባ የገቡት የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። እሱ ላይ የመኪናው ዋጋ አይጻፍም። ሙሉ ሽፋን ያለው ሰው ግን የውሉን ወረቀት አይጣል፣ መኪናው በስንት ብር እንደተገመተ ከነዓመቱ እዚያ ላይ ያገኘዋል። ስም ስናዛውር የተገመተልን ዋጋም ለዚህ አይሆንም። እሱ የ2017 ግምት ነው፣ የሚያገለግለው ለሽያጩ በኩል ነው።

የአንድ ቢሮ የቆየ ፋይል ደግሞ በ2014ቱ ጦርነት ጠፍቷል ተባልኩ። መኪናው ራሱ የተረፈው ባትሪውና ጎማው ወልቆ ግቢ ጥግ ቆሞ ስለነበር ነው፣ ዞር ብሎ ያየው የለም።

ቀጥሎ የኛ ቮልስ ከእነዚያ ቮልሶች ጋር ይወዳደራል ወይ የሚለው መጣ። ሊብሬው ላይ የሥሪት ዘመኑ ደብዝዟል። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ግን ራሱ ይናገራል። የኋላ ወንበሩን ስታነሳ መሀል ላይ ተመትቶ ታገኘዋለህ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሁለቱ የፊት አሃዞች 11 ከሆኑ ተራው ቮልስ ነው፣ ሦስተኛዋ አሃዝ የሞዴሉ ዓመት ናት። የእኛ በ116 ይጀምራል፣ ስለዚህ የ1966 ሞዴል ነው። ፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚቀይረው በፈረንጆቹ ኦገስት ስለነበር፣ 1965 መጨረሻ የወጣ መኪናም 66 ይባላል። ከውሎቹ ውስጥ አንዱ ትልልቅ ሞተር ካላቸው የኋለኞቹ ነበር። እሱን አወጣሁት።

ከዓመተ ምህረቱ ይልቅ ዋጋውን የሚወስነው ግን መኪናው ያኔ የነበረበት ሁኔታ ነው። እኛ በ2017 የሸጥነው ሞተሩ የታደሰ፣ ወንበሩ የተለበጠ መኪና ነው። ጥር 2008 ላይ እንዲህ አልነበረም። ይህን የሚያውቁት የአባባ መካኒክ ናቸው። ጋራዣቸው ሄጄ «ጋሼ፣ አንቱ ያኔ ብትገዙት ስንት ትሰጡበት ነበር?» አልኳቸው።

«እኔማ አልገዛውም» አሉ። «አባትህ እኮ ዘይት እየጨመሩ ነበር የሚነዱት። ላሜራው ግን ደህና ነበር፣ አብሽር።»

የዱቤ ደብተራቸውን አወጡ። አባባ በ2007 ያስጠገኑት ሁሉ አለ። እኔ በ2010 ሞተሩን አውርጄ ያሠራሁትም አለ። እነዚያን ገጾች ፎቶ አነሳሁ። በ2007 የእህቴ ልጅ ኒካህ ላይ የተነሳ ፎቶም ተገኘ፣ የተቀደደው ወንበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለ ስሊፑ ቮልስ ከእኛ ጥቂት የተሻለ ስለነበር የኛን 70 ሺህ ብር አልኩት። ሞተሩን ያሠራሁት በራሴ ገንዘብ ስለሆነ እሷ መነሻ ላይ አልደመርነውም።

በመሀል እህቴ ኢንተርኔት ላይ ሃገርቲ የሚባል የአሜሪካ የአሮጌ መኪና ኢንሹራንስ ኩባንያ የሚያወጣውን የዋጋ መመሪያ አገኘች። እዚያ አሜሪካ ውስጥ ያለ፣ የተሸላለመ 1966 ቮልስ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይላል። እሱን ብንወስድ ትርፍ የሚባል ነገር ባልኖረም፣ እንዲያውም ኪሳራ ነበር። ግን መኪናው ያለው ደሴ፣ የሚሸጠው ደሴ፣ ገዢውም የደሴ ሰው ነው። የደሴን ገበያ ትቶ የቴክሳስን መውሰድ ያስጠይቃል። ተውነው።

አሁን ወደ ዶላር። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በብር ብታሰላው ከ480 ሺህ 70 ሺህ ይቀነሳል፣ 410 ሺህ ትርፍ፣ የእህቴ ሲሶ በሽያጩ ቀን ምንዛሬ ከ1,100 ዶላር በላይ ይሆናል። ለአሜሪካ ግብር ግን እንዲህ አይሰላም። መነሻው አባባ ባረፉበት ቀን ምንዛሬ፣ ሽያጩ በሽያጩ ቀን ምንዛሬ ለየብቻ ወደ ዶላር ይቀየራሉ። ጥር 2008 ዶላር 21 ብር ገደማ ነበር፣ ስለዚህ 70 ሺህ ብር 3,300 ዶላር ገደማ። ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ኅዳር 2017 ላይ ዶላር 120 ብርን አልፏል። 480 ሺህ ብር 3,900 ዶላር ገደማ ሆነ። ልዩነቱ 600 ዶላር፣ የእሷ ሲሶ 200። በብር ሰባት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያልቀረው መኪና፣ በዶላር ብዙም አልጨመረም። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ፣ አይአርኤስ፣ የራሱ የምንዛሬ ተመን የለውም። ይፋ የወጣ ተመን ሆኖ በወጥነት ከተሠራበት ይቀበላል። እኛ ለሁለቱም ቀን የአንድ ባንክ ተመን ወሰድን።

የዘመን አቆጣጠሩን እንዳትረሱ። ወረቀቱ ሁሉ «2008» ይላል። አሜሪካዊ ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሲያይ በራሱ 2008 ይወስደዋል። በእነሱ 2008 መጀመሪያ ላይ ዶላር 10 ብር እንኳ አልሞላም ነበር። መነሻው ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ስሌቱ ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው። እኔ እያንዳንዱ ወረቀት ራስጌ ላይ የፈረንጁን ቀን ጻፍኩበት። ጥር 12 ቀን 2008 በእነሱ ጃንዋሪ 21 ቀን 2016 ነው። ትርጉሙን ያሠራነውም ከነዚህ ቀኖች ጋር ነው።

እህቴን ደግሞ አንድ ሰው ፎርም 3520 ካልሞላሽ ትቀጫለሽ ብሎ አስፈራርቷት ነበር። ያ ፎርም ከውጭ አገር ሰው በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የወረሰን ነው የሚመለከተው። የቮልስ ሲሶ እዚያ አይደርስም። እሷ የሞላችው ፎርም 8949 ነው። መኪናው የተገኘበት ቀን በሚለው ቦታ ላይ «በውርስ» ተብሎ ይጻፋል፣ የወረሱት ንብረት ሁሌም እንደ ረጅም ጊዜ ይዞታ ይቆጠራል።

ውሎቹና ስሊፑ፣ የደብተሩ ገጾች፣ ፎቶው፣ የሻንሲው ቁጥር፣ የምንዛሬ ተመኑ፣ እንዲሁም 70 ሺህ ላይ እንዴት እንደደረስኩ የሚያስረዳ አንድ ገጽ በአንድ ማህደር ተጠረዙ። ከፎርሙ ጋር አይላኩም። ከተጠየቀች ታሳያለች፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይቀመጡ ተብላለች። ዋናው እኔ ጋ ደሴ ነው፣ ቅጂው እሷ ጋ።