ጉግል አልቀጣችሁም፤ ሌላውን መርጦ ነው

«ገጻችን ፍለጋ ላይ አይወጣም፤ ጉግል ቀጥቶናል መሰለኝ፣ እስቲ እየው» ብሎ ያልደወለልኝ የባሕር ዳር አስጎብኚና የሆቴል ባለቤት ጥቂት ነው። እንጀራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ይህን በስልክ መመለስ ስለሰለቸኝ እዚህ ልጻፈው።

ቅጣት አይደለም። ጉግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመሳሳይ ጽሑፍ በመያዝ ብቻ የሚጣል ቅጣት እንደሌለ በግልጽ ተናግሯል። (ለማጭበርበር ብሎ የሰው ጽሑፍ እየገለበጠ የሚያግበሰብሰው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱስ ቢቀጣ ደግ አደረገ።) አንድ ዓይነት ገጾችን ባንድ ላይ ይሰበስብና አንዱን መርጦ ያሳያል። የቀሩትን ማንም አያያቸውም። «ታዲያ ከቅጣት በምን ተለየ?» ካላችሁ፣ በመድኃኒቱ።

እስቲ የራሳችሁን ገጽ ክፈቱ። ስለ ጣና የተጻፈው አንቀጽ «የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ፣ የዓባይ መነሻ፣ የጥንታዊ ገዳማት መገኛ» ይላል አይደል? የጎረቤታችሁም እንደዚያው ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብታችሁ ፈልጉትና ስንት ቦታ እንደተቀመጠ እዩ። ይህን ለመለየት ማሽኑ ጽሑፉ ምን እንደሚል መረዳት አያስፈልገውም። የኮምፒውተር ተመራማሪው አንድሬ ብሮደርና ባልደረቦቹ ከጉግል በፊት በነበረው የፍለጋ ድረ ገጽ በአልታቪስታ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ጽሑፍን በጥቂት ተከታታይ ቃላት እየቆራረጡ የጋራ ቁርጥራጮችን የመቁጠር ዘዴ አሳይተዋል። «ትልቁን» በ«ግዙፉ» መተካት ብዙም አያራምድም።

የባሰው ከራስ ጋር መሻማት ነው። በቅርቡ ያየሁት የአንድ ሎጅ ድረ ገጽ በአራት አድራሻ ይከፈት ነበር፦ በኤችቲቲፒና በኤችቲቲፒኤስ (በአድራሻው መነሻ ላይ የሚጻፉት)፣ ሁለቱም ደግሞ ከሦስቱ ደብልዩ ጋርና ያለ እነሱ። ከፌስቡክ የመጣ ሰው በዚያ ላይ «ኤፍቢክሊድ» የሚል ረጅም ጭራ አስከትሎ ይገባል። ገጹ አንድ፣ አድራሻው መዓት። ሦስቱን አድራሻዎች በ301 (በቋሚ ማዞሪያ) ወደ አንዱ አዞርኳቸውና በገጹ ኮድ ውስጥ ካኖኒካል ታግ አስገባሁ። ታጉ ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 በጋራ ያስተዋወቁት «ዋናው ይሄ ነው» ማለቻ ነው። ግን ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ሳይትማፑ (የድረ ገጹ አድራሻዎች ዝርዝር) እና የውስጥ ሊንኮቹ ሌላ አድራሻ ከጠቆሙ ጉግል የፈለገውን ይመርጣል።

ይኸው ሎጅ የክፍሎቹን መግለጫ ቃል በቃል ለአንድ የሆቴል ማስያዣ ድረ ገጽም ሰጥቶ ኖሯል። መግለጫው ሲፈለግ ብቅ የሚለው የማስያዣው ገጽ ነው፤ የሎጁ የለም።

ለባለቤቱ «እንግዶች በስልክ የሚጠይቁዎትን ይጻፉ» አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሣ ጀልባ በጠዋት መያዝ እንደሚሻል፣ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ፣ የዘጌ ጀልባ ከየት እንደሚነሣ። የማስያዣው ገጽ ይህን አይነግርም።

ጉግል የትኛውን አድራሻ ዋና አድርጎ እንደያዘ ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው መሣሪያ) ላይ አድራሻውን አስገብታችሁ ታያላችሁ። ገጹን ዳግም እስኪጎበኝ ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በማግስቱ ደውላችሁ አታጨናንቁኝ።