እጀታው ከመጣበቁ በፊት

ኮምቦልቻ በሚገኘው የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤታችን አብዛኛው ሥራ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ነው። ስለዚህ አንድ የደሴ መምህር ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ይዘው በመጡ ጊዜ ሥራው ለብዙዎቻችን እንግዳ ነበር። መምህሩ በዕረፍት ቀናቸው ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ሐይቅ እየሄዱ ቆሮሶና አምባዛ ያጠምዳሉ። ዘንጎቹ ከፋይበርግላስ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የአንደኛው እጀታ ላልቶ ይሽከረከራል፣ የሁለተኛው ደግሞ ተቆራርሶ አልቋል።

የላላውን እጀታ በቢላ ሰንጥቀን ስናወጣው የመላላቱ ምክንያት ታየ። እንዲህ ያለ ዘንግ ከግርጌው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው ግን ከቡሽ የተሠራውን እጀታ ቀዳዳ ከላይ እስከ ታች በአንድ ስፋት ስለበሳው፣ ማጣበቂያው የያዘው የግርጌውን ሁለት ሦስት ጣት ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ በቡሹና በዘንጉ መካከል ክፍተት ቀርቶ ውኃ ሲገባበት ኖሯል፤ የዘንጉም ገላ በዚያ ቦታ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ይዞ ነበር።

መምህሩ በስልካቸው የያዙትን ፎቶ አሳይተው ሁለቱም ዘንጎች የተከፈለ እጀታ እንዲደረግላቸው ጠየቁ። የተከፈለ እጀታ ማለት ከክር መጠቅለያው በታች መሐሉ ባዶ ተትቶ ከላይና ከግርጌ ብቻ መያዣ የሚደረግበት ዓይነት ሲሆን፣ ቀላልና ለዓይንም የሚያምር ነው። ፎቶውን አይተን ለመለካት ስንዘጋጅ፣ በቶርኖ ላይ ያረጁትና ሁላችንም «አያ» የምንላቸው አንጋፋ ባለሙያ አስቆሙን።

«መምህር፣ ሲያጠምዱ ቆመው ነው ተቀምጠው?»

«እንደ ዓሣው ነው አያ። ለቆሮሶ ጀልባ ላይ እቀመጣለሁ፤ ለአምባዛ ግን ከዳር ቆሜ ነው የምጥለው።»

«እንግዲያው ሁለቱ አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ይሞክሩት።»

አያ ከቁርጥራጭ እንጨት አጭርና ረጅም እጀታ ቀርጸው፣ በማጣበቂያ ሳይሆን በፕላስተር ብቻ በየተራ ዘንጉ ላይ አሰሩ። ከዚያም መምህሩን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ወደ ግቢው እንዲወረውሩ አደረጓቸው። ረጅሙ ሲታሰር፣ ዘንጉን ወደ ኋላ በሳቡ ቁጥር የእጀታው ግርጌ የጃኬታቸውን ጫፍ እየያዘ አላስወረውር አለ፤ በአጭሩ ግን እጃቸው ያለ ችግር ዞረ። ቀጥሎ መምህሩ ቆሙ፤ ክሩም አሸዋ ከተሞላ ባልዲ ጋር ታሰረና ባልዲውን መሬት ለመሬት እንዲጎትቱ ተጠየቁ። በዚህ ጊዜ አጭሩ እጀታ አስቸገረ፤ ግርጌው የደም ሥር የሚዳሰስበትን የእጅ አንጓቸውን እየወጋ ቀይ ምልክት ተወበት። ረጅሙ ከክንዳቸው ሥር እስከ ክርናቸው ድረስ ስለተኛ፣ አንጓው ብቻውን ይሸከም የነበረውን ጉልበት ክንዱ ተካፈለው። አምባዛ ደግሞ ከባልዲ የባሰ ነው፤ ባልዲ አይታገልም።

የተከፈለ እጀታ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ለቀላል የካርቦን ፋይበር ዘንግ፣ በተለይም ቀኑን ሙሉ ለሚወረውር ሰው፣ ክብደት መቀነሱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሆኖም ከግርጌ የተቀነሰው ክብደት የዘንጉን ጫፍ ወደ ታች እንዲያዘነብል ስለሚያደርግ፣ ክር መጠቅለያው ከተገጠመ በኋላ ዘንጉን በአንድ ጣት ላይ አስቀምጦ ሚዛኑን ማየት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ትልቅ ዓሣ የሚታገል ሰው እጁን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚያንቀሳቅስ፣ ባዶ በተተወው ቦታ ላይ እርጥብ እጅ ይንሸራተታል። ስለዚህ የጀልባው ዘንግ መምህሩ እንደወደዱት አጭርና የተከፈለ፣ የአምባዛው ግን ረጅምና ሙሉ እጀታ እንዲሆን ተስማማን።

ለጀልባው ቡሽ መረጥን፤ ቡሽ ቀላል ከመሆኑም በላይ እጅ ላይ አይቀዘቅዝም፣ ሲረጥብም አያንሸራትትም። ከድንጋይ ጋር ለሚጋጨው ለአምባዛው ዘንግ ግን ቡሽ ቶሎ ስለሚቆራረስ ጠንካራ ፎም ተደረገለት። ቀዳዳውን ለማስፋት አያ የተሰበረ አሮጌ ዘንግ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለው አጣበቁና እንደ ሞረድ ተጠቀሙበት፤ መሣሪያው ራሱ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ ቀዳዳውም የዘንጉን ቅርጽ ይዞ ወጣ። ኢፖክሲ የተባለው ማጣበቂያ የተቀባው እጀታው ሳይወላወል ከላይ እስከ ታች መግጠሙ ከታየ በኋላ ነው፤ ኢፖክሲ አንዴ ከደረቀ እጀታውን ሳይቆርጡ ማውጣት አይቻልምና።

ከዚያ ወዲህ በሥራ ቤታችን የመጥረቢያም ሆነ የአካፋ እጀታ የሚያሠራ ደንበኛ ሲመጣ፣ ከመለካታችን በፊት ናሙናውን አስይዘን ሥራውን እንዴት እንደሚሠራበት እንዲያሳየን እንጠይቃለን። አንዳንዱ ደንበኛ ጊዜ ማባከን ይመስለውና ቅር ይለዋል፤ ቢሆንም አናልፈውም።