ለወንድሜ የምልከው ብር

ስምንት ዓመት ሙሉ ለታናሽ ወንድሜ የአእምሮ ሕክምና ብር ልኬያለሁ። አንድም ቀን እሱን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ብሩ የሚገባው በእማዬ ሒሳብ ነው። "መድኃኒቱን ዋጠ? ከቤት ወጣ እንዴ?" እያልን የምናወራውም እኔና እማዬ ነን። ለእሱ ስልኩ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ፣ ለሰላምታ ነው።

የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ሥራዬ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው እየሄዱ መደገፍ ነው። እዚያ በሕግ ተገደው ሆስፒታል ተኝተው የወጡና ክትትል የሚገባቸው ሰዎች፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የራሳቸው የጤና በጀት የማግኘት መብት አላቸው። ታማሚው ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ዕቅድ ያወጣል። ገንዘቡ በቀጥታ ለእሱ ሊሰጠው ይችላል፤ ካልፈለገም ሌላ ወገን ይይዝለታል። ለመጠጥ፣ ለሲጋራ፣ ለቁማርና ለዕዳ አይሆንም። መድኃኒትና ድንገተኛ ሕክምናም ከበጀቱ ውጭ ናቸው። በየቀኑ "አንተ ምን ይሻልሃል?" እያልኩ የሰው ዕቅድ እሞላለሁ። ለገዛ ወንድሜ ግን አላልኩትም። ይህ እስካሁን ያመኛል።

አምና ሐዋሳ ስመጣ ሐይቁ ዳር ይዤው ሄድኩ። "የምልከው ብር ምን ላይ ቢውል ደስ ይልሃል?" አልኩት። ብዙ ዝም አለ።

"ሰውዬው ይቅርብኝ" አለ በመጨረሻ። "በር ላይ ሲቀመጥ የታሰርኩ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት እዚህ ብመጣ ይሻለኛል።"

ከምልከው ብር ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ያ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ሰውዬ ነበር።

እማዬ ፈራች። "በእጁ ከገባ ጫት ይቅምበታል" አለች። ፍርሃቷ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ብዙ አይታለች። ስለዚህ ሦስታችን ተነጋገርን። የመድኃኒቱና የቀጠሮው ብር እማዬ ዘንድ ይቆያል። የቀረው የእሱ ነው። "ሲያመኝና እንቅልፍ ሲጠፋኝ ግን እማዬ ትያዘው" ያለው ራሱ ነው።

የመጀመሪያው ወር ብር በሳምንት አለቀ። ለቀሩት ሳምንታት አልጨመርኩለትም፤ ሐይቁ ድረስ በእግሩ ሄደ።

አሁን ባለመስመር ደብተር ገዝቷል። ባጃጅ፣ ሻይ፣ ለእማዬ ሎሚ፣ እያለ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፋል። ሳልጠይቀው በየወሩ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ባለፈው ወር ገጽ ግርጌ ላይ "ቀሪ 310" ብሏል። ከጎኑ ደግሞ "ፀጉሬን ልስተካከልበት ነው።"