ጠዋት 52፣ ከምሳ በኋላ 260

ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ነው። ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ያለው ቤታችን ውስጥ እማዬ «ያ ልጅ በሩን ዘጋው?» ትለኛለች። የቱ ልጅ? ቤት ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

እማዬ የስኳር በሽታ አለባት፤ ጉበቷም በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጠባሳ ከያዘ ቆይቷል። ስትቀባዥር «ጉበቷ ያላጣራው መርዝ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ» ብዬ ደነገጥኩ። ደግነቱ እጄ መጀመሪያ ወደ ስኳር መለኪያው ሄደ። 52! ስኳሯ በጣም ወርዷል። መዋጥ መቻሏን አይቼ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። ከሩብ ሰዓት በኋላ 81 ሆነ። «ምን ያፈጥሃል?» አለችኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። የምለካት ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ብቻ ነበር። 90፣ 85 ሲል «ጎበዝ» እላታለሁ። የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራም ጥሩ ነው ተብሏል። ሐኪሟ ደብተሬን አየና «ከምግብ በኋላ ያለውስ የታል?» አለኝ። በማግስቱ ሽሮ በእንጀራ ከበላች ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካሁ። 260፣ በጣም ከፍ ያለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንበላ ስንቆይ ቆሽት ግሉካጎን የሚባል ሆርሞን ይልካል፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ይለቃል። የእማዬ ጎተራ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ግሉካጎን ቢጣራ የሚሰጠው የለም። እንደሷ ላለ ሰው አንድ ሌሊት ሳይበሉ ማደር፣ ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን እንደ መራብ ነው። ስትበላ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ስኳርን ከደም የሚያስወጣው ኢንሱሊን ከቆሽት ሲመጣ፣ ጤነኛ ጉበት ግማሽ ያህሉን እዚያው ያስቀረዋል፤ የሷ ስለማያስቀር ደሟ ውስጥ ኢንሱሊን ሞልቷል፤ ሰውነቷ ግን አይሰማውም፤ ስኳሩ ደሟ ውስጥ ይቀራል። የሦስት ወሩ ምርመራም ዋሽቶን ነበር፦ የሚለካው ቀይ የደም ሴሎች ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው፤ ጣፊያዋ አብጦ ቀይ የደም ሴሎቿ ቶሎ ስለሚያልቁ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ሐኪሙ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ የሚገፋፋውን የስኳር ኪኒኗን፣ ግሊቤንክላማይዱን፣ አስቁሞ ከምግብ ጋር ትንሽ ኢንሱሊን አዘዘላት። ከባዱ ጾሙ ነበር። እስከ 9 ሰዓት ነው የምትጾመው። ሳምንት ሙሉ ተከራከርኳት፣ ወይ ፍንክች! የንስሐ አባቷ መጥተው «በሽተኛ ነሽ፣ ብዪ» ሲሏት በአንድ ቃል አለቀ።

አሁን ማታ 4 ሰዓት፣ ልትተኛ ስትል፣ አንድ ብርጭቆ በሶ አቀርብላታለሁ። ዛሬ ጠዋት 94 ነበረች። «በስተርጅና የሌሊት መክሰስ አስለመድከኝ» ትላለች፣ ብርጭቆውን ጨልጣ።