ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የሚኒሞ ጂግለሯን አውጡ

ክረምቱን ሙሉ የቆመ ሞተር ሳይክል መስከረም ላይ አልነሳ ሲል የሰፈሩ ሰው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። አንዱ "ባትሪው ሞቷል" ይላል፣ ሌላው "ካንዴላ ቀይር" ይላል፣ ሦስተኛው ገፍቶ ሊያስነሳላችሁ እጅጌውን ይሰበስባል። የኔ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ) 150 ሲሲ ነው፤ ይሄን ሁሉ ምክር ሰምቻለሁ። ቆሞ የከረመ ባለ ካርቡሬተር ሞተር ሲያስቸግር ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የጤፍ ፍሬ በማታሳልፍ አንዲት ቀዳዳ ላይ ነው። ቀዳዳዋ ያለችው የሚኒሞ ጂግለር በምትባል ትንሽ የነሐስ ቡሎን ውስጥ ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት በሚኒሞ፣ ማለትም ዝግ ብሎ፣ ሲሠራ ቤንዚን የምታሳልፍለት እሷ ናት።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ባትሪው በቴስተር ሲለካ ከ12.4 ቮልት በታች ካሳየ ቻርጅ ይደረግ። ካንዴላውን ፍቱና ቆቡ ውስጥ መልሳችሁ፣ ብረቱን ከሞተሩ ብረት አስነክታችሁ ኪኩን ምቱ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ ካንዴላውን ተዉት። ይህን ስታደርጉ ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ ራቅ በሉ፤ ከውስጥ የሚተነው ቤንዚን ይቀጣጠላል። ደጋግማችሁ መትታችሁ ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ከወጣ ቤንዚን አልደረሰውም ማለት ነው። የአየር ማጣሪያውንም ሳጥን ክፈቱት፣ አይጥ ጎጆ ትሠራበታለች።

ዘይቱን ግን እንዳትዘሉት። መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። የቤንዚኑ መዝጊያ ክፍት ሆኖ ከከረመ ቤንዚኑ በካርቡሬተሩ በኩል ወደ ዘይቱ ሊወርድ ይችላል። ደረጃው ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ መነሳት የለበትም፤ ቀጥኗልና ብረት ከብረት ያፋጫል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቾክ ሲሳብ ይነሳና ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል? ነዳጅ ሲሰጡት ይጮኻል፣ ሲለቁት ጸጥ ይላል? የሚኒሞ ጂግለሯ ተደፍናለች፤ እኔ እዚህ ላይ ብዙም አልከራከርም። ቤንዚን የሚጠራቀምበት የካርቡሬተሩ ገንዳ መተንፈሻ ስላለው ቤንዚኑ ቀስ እያለ ይተናል። መጀመሪያ የሚሄደው ደግሞ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ጠዋት በብርድ ሞተር የሚያስነሳው እሱ ነበር። የቀረው ይወፍርና ቫርኒሽ ሆኖ ይደርቃል። ነዳጅ ሲሰጡት የምትሠራው ትልቋ ጂግለር ቀዳዳዋ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ታመልጣለች። የሚኒሞዋ ግን 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናት፣ ስስ ሽፋን ይበቃታል።

ቤንዚኑን ዝጉ። ከገንዳው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን ከፍታችሁ የሚወርደውን በብርጭቆ ተቀበሉ፤ ውሃ ካለበት ከታች ለብቻው ይቀመጣል። የገንዳውን ቡሎኖች ስትፈቱ ካቻቪቴው ልክ ካልሆነ ጭንቅላታቸውን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ፒንሳ ነው። ጂግለሯን በስንጥቋ ልክ በሆነ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ አውጡ፤ ነሐስ ናት፣ ትላላጣለች። ወደ ሰማይ አንስታችሁ በአንድ ዓይን እዩባት። ጤነኛዋ ውስጥ ክብ፣ ጥርት ያለች የብርሃን ነጥብ ትታያለች። የተደፈነችው ወይ ድፍን ጨለማ ናት፣ ወይ ብርሃኗ በአንድ በኩል የተበላ ጨረቃ ትሆናለች፤ አፏ ላይም አረንጓዴ ዝገት ሊኖር ይችላል።

የምናደድበት እዚህ ላይ ነው። የኔን የወሰድኩበት ጋራዥ ጂግለሯን በፍሬን ካቦ ክር ወጋት። ካቦ ብረት ነው፣ ነሐስን ይፍቃል። ሞተሩ ወዲያው ስለተነሳ ሂሳብ ተቀበሉኝ። ከዚያ በኋላ ግን ካንዴላው ጥላሸት መልበስ ጀመረ፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ሚኒሞው ይወላገዳል። ተመልሼ ስጠይቅ "ፒስተን ሪንግ ነው፣ ሞተሩ ይወርዳል" አሉኝ! ቀዳዳዋ ሰፍታ ቤንዚን በዝቶበት እንጂ ሪንጉ ምንም አልሆነም ነበር። የሰፋች ጂግለር አትጠብም፤ ጎኗ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አይታችሁ ያንኑ ቁጥር ግዙ። "ትንሽ ከፍ ያለ ይሻላል" የሚላችሁን ሻጭ እለፉት።

ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከባድ አይደለም። በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ነክራችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉአት። ካልተከፈተች ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዝዛችሁ በቀስታ አሳልፉ፤ መዳብ ከነሐስ ይለሰልሳል። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ሂዱና በኮምፕሬሰሩ ከኋላዋ በኩል ይንፉላችሁ። የካርቡሬተሩ አካል ውስጥ ያለው የሚኒሞ መንገድም እንዲሁ ይነፋ፣ አለበለዚያ ጂግለሯን ብቻ ማጽዳት ከንቱ ነው። ስፕሬዩን ከመርጨታችሁ በፊት ጎማ የሆነውን ሁሉ አውጡ፣ ያብጣል። የአየር ማስተካከያዋን ቡሎን ደግሞ ከመፍታታችሁ በፊት እስክትቆም በቀስታ እያጠበቃችሁ ስንት ዙር እንደገባች ጻፉ፤ ስትመልሱ እዚያው ታስቀምጧታላችሁ።

ታንከሩ ውስጥ የከረመውን ቤንዚን መልሳችሁ አትጠቀሙበት። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውንም እኔ ለዚህ ሥራ አላምነውም፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ በብርድ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ እናንተም ጂግለሯን ስትጠረጥሩ ትውላላችሁ።

ስለ ማቆሙ ደግሞ። በ2011 መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ሲጣል ብዙ ሞተር ቤንዚኑን እንደያዘ ቆመ፤ ካርቡሬተሩን አድርቃችሁ አቁሙ ያለ ግን አልሰማሁም። "በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነሳው" የሚለውን ምክር እቃወማለሁ፤ ሞተሩ ሳይግል ስለሚጠፋ ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ከባትሪው የወሰደውንም አይመልስም። የአምራቹ መጽሐፍ ካርቡሬተሩን ለጋራዥ ተዉ ሊል ይችላል፤ ከላይ ያለውን ካነበባችሁ በኋላ እናንተው ፍረዱ። ሞተሩ ከአንድ ወር በላይ የሚቆም ከሆነ መዝጊያውን ዝጉና ራሱ እስኪጠፋ አስኪዱት። ከዚያም የገንዳውን ማፍሰሻ ክፈቱ፤ ሞተሩ ቢጠፋም ከታች ጥቂት ቤንዚን ይቀራል፣ ጂግለሯን የሚደፍነውም ያ ነው።