ደረቅ ጉድጓድ

ትናንት ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን። ጣሊያን የሠራው ዋሻ አፍ ላይ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ አለ። ከኋላ ሁለት ካርቶን የድሮ የቁፋሮ ሪፖርት ጭነናል። አንዱን አይጥ ቀምሶታል።

ሸሪኬ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ "አሁን የት ነን?" አለችኝ።

"ባዛልት ላይ።"

አልሳቀችም። ባዛልት እግራችን ሥር ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እሷ ግን የኮምፒውተር ልጅ ናት።

ጂኦሎጂ የገባሁት ምደባው አድርሶኝ እንጂ መርጬው አይደለም። እማዬ እስከ ዛሬ ለጎረቤት "ድንጋይ ነው የሚያጠናው" ትላለች፣ የታመመ ልጅ ያላት ይመስል። የማረከኝ ግን የሰፈሬ ነገር ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. ደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ ወይን ላይ መሬት ተንሸራቶ ቤቱን ሁሉ ይዞት ሲሄድ ልጅ ነበርኩ። መሬት የሚሄድ ነገር መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

ተመርቄ ሰባት ዓመት የውኃ ጉድጓድ ቦታ ስመርጥ ኖርኩ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አራት ብረት መሬት ላይ ቸክለህ ኤሌክትሪክ ትለቃለህ። ከታች ያለው ነገር ኤሌክትሪኩን በቀላሉ ካሳለፈ ውኃ ሊሆን ይችላል። ሸክላ አፈርም ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ሁለቱን አይለይልህም። በዚያ ላይ የኛ አገር ውኃ ጠንካራው ባዛልት ውስጥ አይገኝም፤ ስንጥቁን ነው የምትፈልገው።

መንዝ ውስጥ አንድ ቀበሌ እንዲህ ለክቼ "ተስፋ ሰጪ" ብዬ ጻፍኩ። የመቆፈሪያው ማሽን 140 ሜትር ወረደ። ሴቶቹ ጄሪካን ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል። የወጣው አቧራ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ከማዶ እኮ ድሮም ቆፍረው አጥተው ሄደዋል። አልነገሩህም?" አሉኝ።

ማን ይነግረኛል? ውኃ የወጣበት ጉድጓድ ሪባን ይቆረጥለታል። ደረቁን ሁሉም ሊረሳው ይፈልጋል፣ ከሁሉም በፊት የቆፈረው።

አምና ሥራ ለቅቄ ስታርታፕ የጀመርኩት በዚህ ንዴት ነው። የወጣለትንም ያልወጣለትንም ጉድጓድ ሰብስበን አንድ ካርታ ላይ እናስቀምጣለን። ደሞዜ ደህና ሰንብት ብሎኛል። ከሪፖርቶቹ አንዱ ቦታውን "ከቤተ ክርስቲያኑ 200 ሜትር ዝቅ ብሎ" ይለዋል። የትኛው ቤተ ክርስቲያን? ሸዋ እኮ ነው!

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ኢንቨስተሮች ፊት ቀረብን። አንዱ "ውኃ እንደሚገኝ ስንት በመቶ እርግጠኛ ናችሁ?" አለ። "እንደ ቦታው ነው" አልኩ። ሸሪኬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን መታችኝ። ብሩን አላገኘንም። መኪና ውስጥ እስክንገባ አላናገረችኝም፣ እውነቷን ነው፣ ኪራይ አለብን። ግን አንድ ቁጥር ጠርቼ ቢሆን ኖሮ ያው "ተስፋ ሰጪ" ነው የሚሆነው፣ በመቶኛ።

ማታ ቢሮ ገብተን ካርቶኖቹን ከማራገፋችን በፊት የመንዙን ጉድጓድ ራሴ ካርታው ላይ አስገባሁ። 140 ሜትር። ደረቅ። ሸክላ። ማስታወሻው ላይ "ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ" ብዬ ጨመርኩ።

"ይሄንን ደንበኛ ያየዋል እኮ" አለች።

"ይየው።"

አላጠፋችውም። ፊደሉን ግን አሳነሰችው።