ድንቢጧን ማን መታት?

«ልጄ፣ ይቺን ወፍ ማን ነው በቡጢ ያላት?»

ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፣ ሁለተኛውን ቡና እየጠጡ፣ በጃፓኖች ዘዴ ከተቀረጸ ጣውላ ያተምኳትን የድንቢጥ ሥዕል እያዩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እስካሁን ማታ ማታ እየተገላበጥኩ መልስ እፈልጋለሁ።

ጉዱ ጉንጯ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ናት። የጃፓን ድንቢጥ ወንዱም ሴቷም አናታቸው ቡኒ፣ ነጭ ጉንጫቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ናቸው። የእኛ ሰፈሯ ራሰ ግራጫ ስለሆነች ነጥብ አታውቅም። ወፍ በማተም ዕድሜውን የጨረሰው ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦሃራ ኮሶን (1877–1945 እ.ኤ.አ.) ድንቢጥ ሲሠራ ያቺን ነጥብ አይዘላትም፤ እኔም አልዘለልኳትም።

ደግሞ ከወፏ ሁሉ አድካሚዋ እሷው ናት! ኮዞ ከሚባለው የጃፓን ቁጥቋጦ ልጥ የሚሠራው ወረቀት ረጥቦ ነው የሚታተመው። ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ቀለሞቹ እንዳይዛነፉ በየቀለሙ ጣውላ ዳር ኬንቶ የሚባል ሁለት የማስተካከያ ምልክት ይቀረጻል፤ አንዱ ማዕዘን፣ አንዱ ቀጥ ያለ። ወረቀቱን እዚያ ላይ አስደግፈህ ታስቀምጣለህ። መሃል ላይ ከደረቀብህ ግን ኬንቶም አያድንህም፤ ነጥቧ አንድ ሚሊሜትር ሸርተት ብላ ዓይኗ ውስጥ ትገባለች። ያኔ በእርግጥም ተመትታለች። ቀለሙ ላይ የሩዝ ሙጫ ካነሰ ደግሞ ጥቁሩ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይላል። የእኔዋ አልሸሸችም፣ አልተንጠባጠበችም፤ ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች።

ይህን ሁሉ አስረዳሁ። እትዬ በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ «እሺ፣ ግን ማን መታት?» አሉ። ቅርንጫፉ ላይ ያለውን በረዶ አይተውም «እዚህ ጋ ቀለም አለቀብህ?» በረዶው እኮ ሆን ተብሎ ሳይታተም የተተወ ወረቀት ነው!

አሁን ሰፈሩ እኔን ሰላም አይልም። «ድንቢጧ ተሻላት?» ነው። አንዱ የሐኪም ማስረጃ አውጥተሃል ወይ አለኝ፤ ሌላው በሽማግሌ ይለቅ ብሎ ቁጭ አለ። ይቺን የሽምብራ ፍሬ የማታህል ነጥብ ለማስታረቅ ሦስት አባወራ ተሰየመ!

የባሰው ግን ፍሬም ቤቱ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ከላይ በኩል ብቻ፣ በሁለት ቁራጭ ስስ ወረቀትና በስታርች ሙጫ ነው የሚንጠለጠለው፤ አየሩ ሲረጥብና ሲደርቅ እንዲንቀሳቀስ። ሰውየው ጀርባውን በሙሉ ካርቶን ላይ ለጠፈው። በክረምቱ ተጨማደደ። ነጩን ዳር ደግሞ «ትርፍ ነው» ብሎ ከረከመው፤ የመከርከሚያውን ለብቻ አስከፈለኝ።